ጀሞ ወይስ አያት? የእናቴ እድር እና የእኔ እንጀራ

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

38 ዓመቴ ነው። ዱባይ 12 ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ዘንድሮ ጥር ላይ ጠቅልዬ ገባሁ። ስሄድ የአንድ ዓመት ልጅ ለእናቴ ትቼ ነበር። አሁን 13 ዓመቱ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ይማራል።

እናቴ ዓለም ባንክ ተከራይታ ነው የምትኖረው። እኔም እነሱ ጋ ገባሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መገናኛ አንድ ካፌ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ጠዋት 1 ሰዓት መግባት ስላለብኝ ሌሊት 11 ሰዓት ከሩብ ከቤት እወጣለሁ። ማታ ስመለስ 2 ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረው።

ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ። ቤት ልገዛ ነው። ደላላው ሁለት ኮንዶሚኒየም አሳየኝ። አንደኛው አያት ነው፤ ባለ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ሌላው ጀሞ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ፣ አንደኛ ፎቅ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም።

አያት ከባሏ ጋር ተከራይታ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። «አያት ይሻልሻል፣ ባቡር አለ፣ ለሥራሽም ቅርብ ነው፣ ነገ ዋጋው ይጨምራል። ጀሞ ግርግር ነው» ትላለች። እናቴ ደግሞ «እኔን አታስቢ፤ የትም ውሰጂኝ» ነው የምትለው። እናቴ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ክትትሏ አለርት ሆስፒታል ነው። ዓለም ባንክ ያለው እድሯ ውስጥ 19 ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ስነሳ መብራት አብርታ የእድር ደብተሯን ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ምነው ስላት «ምንም፤ ስንት እንደከፈልኩ ልየው ብዬ ነው» አለችኝ። ስለ አያት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚያ ቡና ይጠራራሉ?»

ደላላው ሌላ ገዢ አለ፣ በዚህ ሳምንት 200 ሺህ ብር ቀብድ ጣይ እያለ ያስጨንቀኛል። እኔም ገንዘቤ ባንክ ተቀምጦ እንዳይቀልጥብኝ እፈራለሁ። ስለ ገንዘቤ ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላውቅም። እባክዎ የትኛውን ልግዛ?

*መንታ መንገድ ላይ የቆምኩት፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። በሰው አገር 12 ዓመት ሠርቶ፣ እናት ጦሮ፣ ልጅ አስተምሮ፣ ከዚያ ሁሉ ተርፎ ቤት መግዣ ይዞ መመለስ ለስንቱ ሆነ? ደብዳቤሽ ውስጥ ድካምሽ ይሰማኛል። ሁሉም ሐሳብ ሲሰጥሽ ማንም «አንቺስ?» ያለሽ አይመስልም።

አንድ ነገር አጣዳፊ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። በዚህ ሳምንት ቀብድ አትጣይ። ቀብድ ቀልድ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ የሰጠውን ያጣል። የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ 200 ሺህ ብሩን የምትሰጪው ልብሽ ሲቆርጥና ወረቀቱ ሲጣራ ነው። «ሌላ ገዢ አለ» የሚለው ቃል በየቤቱ በር ላይ የሚሰማ ነው። እውነት ቢሆን እንኳ ያ ቤት ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ሻጭ ጠፍቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። ሁለት ሰፈር እያወዳደርኩ ነው ብለሻል። ያወዳደርሽው ግን ደላላው ያሳየሽን ሁለት ቤት ነው። ሰፈርና ቤት ተደባልቀውብሻል። እስኪ እንለያቸው።

አያትን እንደ ሰፈር እንየው። ላንቺ ሥራ የሚመች ነው፤ እህትሽ እዚህ ላይ አልተሳሳተችም። ከአያት መገናኛ መንገዱ አንድ ነው፤ መሪ፣ ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ። ባቡሩም በዚያው መስመር ነው የሚሄደው። እርግጥ በ2008 ሲጀምር እንደነበረው አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት ብዙ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። ጠዋት ስትሳፈሪ መተንፈሻ ታጫለሽ። ግን ባቡሩ ቢዘገይ ታክሲ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ሁሉም በዚያው መስመር ነው። አሁን መንገድ ላይ ከምታጠፊው ጊዜ ብዙውን ታተርፊያለሽ።

ጀሞ ደግሞ ለእናትሽ ይቀርባል። አለርት እዚያው በምዕራቡ በኩል ነው። ዓለም ባንክም በአየር ጤና በኩል ታክሲ ይዘው ደርሰው የሚመለሱበት ነው። ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ሰንበቴያቸው አይቀርም። ላንቺ ግን የዛሬው ሕይወትሽ ብዙም አይለወጥም። በመካኒሳና በሳር ቤት አድርገሽ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ በባቡር ወይ በታክሲ መገናኛ ነው። ያው በሌሊት መነሳት ነው። ከአያት አለርት የሚሄዱት እናትሽም እንደዚሁ ናቸው። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የባቡር መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተጉዘው፣ ከዚያ ደግሞ ታክሲ። ስኳር ያለበት ሰው ለምርመራ ምግብ ሳይቀምስ ውጣ ሲባል ያን መንገድ አስቢው።

ሰፈሮቹ እንግዲህ እንዲህ ናቸው። ቤቶቹስ?

የአያቱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። እንዲህ ያለው ኮንዶሚኒየም አብዛኛውን ጊዜ ሊፍት የለውም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ከገቡ በኋላ ሰፈሩ አያት ይሁን ጀሞ ለሳቸው ለውጥ የለውም። ሰፈራቸው በረንዳው ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ሰሞን ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ቀጥሎ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ። ቀጥሎ ለሐኪም ብቻ።

ይህን የምለው አይቼው ነው። የእኔ እናት አራት ኪሎ ከኖረችበት ግቢ ወጥታ ሦስተኛ ፎቅ ስትገባ ቤቱን እኛ ልጆቿ ነን የመረጥንላት። ቤቱ ያምር ነበር። አንድ ቀን ሳልነግራት ሄድኩ። ቡና አፍልታ፣ ስድስት ስኒ ደርድራ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀምጣለች። «ማን ሊመጣ ነው?» አልኳት። «ማንም፤ ምናልባት ጢሱ ሸቷቸው ብቅ ካሉ ብዬ ነው» አለችኝ። የኮሪደሩ በር ሁሉ ዝግ ነበር። በኋላ ጎረቤቶቿ ደግ ሰዎች እንደሆኑ አወቅን፤ ግን ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። የአንቺ እናት «እዚያ ቡና ይጠራራሉ?» ማለታቸውን ሳነብ ያ ስኒ ነው ትዝ ያለኝ።

የጀሞው ቤት ደግሞ አንድ መኝታ ነው። ልጅሽ 13 ዓመቱ ነው። የት ሊተኛ ነው? ሳሎን ሶፋ ላይ? ዛሬ ምንም አይልሽም። የዛሬ ሁለት ዓመት በሩን ዘግቶ ብቻውን መሆን የሚፈልግ ጎረምሳ ይሆናል። የሚዘጋው በር ግን የለም።

ስለ ልጅሽ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ በሁለት መስመር ነው ያለፍሽው። ስለ እናትሽ ጽፈሻል፣ ስለ እህትሽ ጽፈሻል፣ ስለ ደላላው እንኳ ጽፈሻል። ልጅሽ ምን አለ? ጠይቀሽዋል? ምናልባት መልሱን ፈርተሽ ይሆናል። ያሳደጉት አያቱ ናቸው። አንቺን በስልክ ነው የሚያውቅሽ። ሌሊት ስትወጪ ተኝቷል። ማታ ስትገቢ ወይ አጥንቶ ደክሞታል፣ ወይ ተኝቷል። ወደ አገር የተመለስሽው ለሱም ጭምር ከሆነ ከቤት ምርጫሽ ውስጥ ትልቁ ቁጥር ካሬ ሜትሩ አይደለም። ማታ ስንት ሰዓት ላይ እቤት ትደርሻለሽ የሚለው ነው። አያት ብትሆኚ ማታ ቀደም ብለሽ ገብተሽ አብረሽው እራት ልትሠሪ ትችያለሽ። ይህ በአያት በኩል ያለው ትልቁ ነጥብ ነው፤ ከዋጋ መጨመር እጅግ ይበልጣል።

በሌላ በኩል ደግሞ በመጪው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከተማ አቀፍ ፈተና አለበት። በፈተና ዓመት ከጓደኞቹና ከመምህራኖቹ ማውጣት ያስቸግራል። አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ልጆች ይለምዳሉ። ግን እናቱን ገና እየለመደ ላለ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሳይነካ ቢቆይለት ደስ ይለኛል።

እናትሽን ደግሞ በሌላ መንገድ አናግሪያቸው። «የት ይሻልሻል?» ብትያቸው ዘላለም «የትም» ነው የሚሉሽ። የዚያ ትውልድ እናት ለልጇ ሸክም መሆንን ከሞት አብልጣ ትፈራለች። እስኪ አንድ እሑድ ቡና ላይ የእድሩን ደብተር አምጪልኝ በያቸው። አብራችሁ ግለጡት። «ማን ማን ነው ያለው? ማን ነው የሚቀርብሽ?» ብለሽ ጠይቂ። በሳቸው ዕድሜ ያ ደብተር የገንዘብ ሒሳብ አይደለም። ድንኳን የሚተክልላቸው፣ ቆሞ የሚያለቅስላቸው፣ አንቺን በሦስተኛው ቀን ብቻሽን የማይተውሽ ሰው ማን እንደሆነ የተጻፈበት ነው። እድራቸውም ወደ ሌላ ሰፈር ለሄደ አባል ምን ደንብ እንዳለው ዳኛውን ሄደሽ ጠይቂያቸው። ብዙ እድር ወርሃዊውን እየከፈሉ መቀጠልን ይፈቅዳል። ያን በጆሯቸው ቢሰሙ ምናልባት ሌሊቱን ይተኛሉ።

አሁን ወደ ተግባሩ። አንቺ ብዙ ገዢዎች የማያገኙት ዕድል አለሽ፤ እህትሽ አያት ናት። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እናትሽንና ልጅሽን ይዘሽ ሁለት ሳምንት እሷ ጋ እረፊ። በእንግድነት ስም ሳይሆን እንደምትኖሩ ሆናችሁ። አንቺ በየቀኑ ከዚያ ሥራ ግቢ፤ የወጣሽበትንና የደረስሽበትን ሰዓት ስልክሽ ላይ ጻፊ። እናትሽ ጠዋት ምን እንደሚሠሩ፣ ከማን ጋር እንደሚያወሩ እህትሽ ታስተውል። ልጅሽ ኳስ የሚጫወትበት አገኘ? አንድ ቀን ደግሞ ከአያት አለርት ድረስ አብረሻቸው ሂጂ። በሁለት ሳምንት የምታውቂው ደላላ በሁለት ዓመት አይነግርሽም።

ክረምት መሆኑም ጥሩ ነው። ቤት በበጋ ሁሉም ያምራል። ሐምሌ ላይ አራተኛ ፎቅ ጣሪያው ያፈሳል? ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ አለ? አዲስ ቀለም የተቀባበትን ቦታ ጠጋ ብለሽ እዪ። ጀሞም ሂጂ፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ በብሎኮቹ መካከል ውሃው የት እንደሚተኛ ተመልከቺ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከፌርማታው እስከ ብሎኩ በእግርሽ ሂጂ። መብራት አለ? ትፈሪያለሽ?

ውሃውን ደግሞ ሻጩን አትጠይቂ። የብሎኩን ጥበቃ ጠይቂ፤ ደረጃ ላይ ጀሪካን ይዛ የምትወጣውን ሴት ጠይቂ። ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን ነው? የሚመጣው ቀን ነው ወይስ ሌሊት? ላይኛው ፎቅ ይደርሳል? ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታ አለ? አንቺ ሥራ ስትሆኚ ጀሪካኑን ማን እንደሚያወጣ ታውቂዋለሽ፤ ወይ እናትሽ ናቸው፣ ወይ ልጅሽ።

ገንዘቡ ይቀልጣል የሚለው ስጋትሽ እውነት ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ሲመራ ብሩ ምን ያህል እንደወረደ አይተሻል። ስለዚህ «ዓመታት ጠብቂ» አልልሽም። ሦስት ወር ግን ጠብቂ። በሦስት ወር ገንዘብሽ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ የማይሆን ቤት ገዝቶ መሸጥ ግን ከዚያ በላይ ይበላል። የደላላ አለ፣ የግብር አለ፣ የስም ዝውውር አለ፣ የዕቃ ማጓጓዣ አለ። መከራየትም አማራጭ ነው። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። አከራዩ የስድስት ወር አምጪ ካለሽ ይህን አስታውሺው። አንቺ ቀድመሽ መውጣት ብትፈልጊ ምን እንደሚሆን ግን ከመፈረምሽ በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ።

ወረቀቱን በተመለከተ ባጭሩ። ካርታውን በስሙ የያዘውን ሰው ራሱን አግኚ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን አጣሪ። ያገባ ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ በቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። የባንክ ዕዳ ያለቀ መሆኑን፣ እገዳ አለመኖሩን ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ ይምጣልሽ። አያት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በቅርብ ዓመታት የተቋቋመ ስለሆነ የቤቱ ፋይል ተዛውሮ የት እንዳለ ቀድመሽ ጠይቂ። ክፍያው በባንክ፣ ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት። «እኛ እኮ ወንድምና እህት ነን» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ያኔ ይበልጥ ተጠንቀቂ።

ሐሳቤን ከጠየቅሽኝ፣ ጠይቀሽኛልም፣ ሁለቱንም ቤቶች አልገዛም። ሰፈሩን ግን ወደ ጀሞ አደላለሁ። አንደኛ ወይ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ጀሞ ወይም ለቡ ወይም እዚያው አካባቢ ፈልጊ። በአቅምሽ እስኪገኝ ጊዜ ይወስድ ይሆናል። ትንሽ ያረጀ ቢሆንም ግድ የለም፤ ቀለም ይቀባል። ሥራሽስ? መገናኛ ካፌ ከገባሽ ገና ጥቂት ወርሽ ነው። ሰው ቤት 12 ዓመት ሠርታ አሁን በካፌ ወጥ ቤት ያለች ሴት ሳር ቤት ወይም ሜክሲኮ ሥራ አታጣም። ከአሁኑ መጠየቅ ጀምሪ። ያኔ ማታውን ለልጅሽ ታተርፊያለሽ፣ እናትሽም ከሰዎቻቸው አይለዩም። የሁለት ሳምንቱ ሙከራ ሌላ ካሳየሽ ግን፣ እናትሽ አያት ላይ ጓደኛ ካገኙ፣ ልጅሽ ፊቱ ከበራ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ከተገኘ፣ የኔን ምክር ተይውና እነሱን ተከተይ።

አንድ ጥያቄ ግን ላንቺ ብቻ አለኝ። ዱባይ እያለሽ ማታ ሥራ ጨርሰሽ ጋደም ስትይ «ቤቴ» ብለሽ የምታስቢው ቤት ነበር አይደል? ምን ይታይሽ ነበር? ከመስኮቱ ማዶ ማን ነበር? ምን ይሸት ነበር? ሁሉም የራሱን ሲነግርሽ ያንን ቤት ረስተሽው እንዳይሆን። ጻፊው፤ ለማንም አታሳዪ። ሐምሌ ላይ ስትዞሪ ያን ወረቀት ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ዙሪ።

ለደላላው ደግሞ ዛሬ ማታ ደውዪለት። «እስከ ነሐሴ አልወስንም፤ ጀሞ በኩል ዝቅ ያለ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ካገኘህ ንገረኝ» በይው። ከዚያ ስልኩን ዝጊና ልጅሽ ሳይተኛ ድረሺበት።